ቴነሩ መምህር

(የካ አባዶ በሚገኝ አንድ አዳራሽ ለመዘምራንና ለሙዚቃ ተማሪዎች ያደረግኩት ንግግር ነው። ለንባብ እንዲመች ትንሽ አሳጥሬዋለሁ። ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

እንደምን ዋላችሁ። መገናኛ ላይ ታክሲ ተሰልፋችሁ ለመጣችሁት ልዩ ምስጋና አለኝ። እዚሁ ብሎክ ላይ እየኖራችሁ አርፍዳችሁ የገባችሁትንም አይቻችኋለሁ።

ዛሬ የማወራችሁ ስለ አንድ ቴነር፣ ማለትም በከፍተኛው የወንድ ድምፅ ስለሚዘፍን ሰው ነው። ጆርጅ ሸርሊ ይባላል። ጥቁር አሜሪካዊ ነው። በትልልቅ የኦፔራ መድረኮች ላይ ዘፍኗል። ከዚያ ደግሞ ለረጅም ዓመታት ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ድምፅ አስተምሯል። አብዛኞቻችሁ ስሙን የምትሰሙት ዛሬ ይመስለኛል። ጣሊያናዊውን ቴነር ፓቫሮቲን ግን ታውቁታላችሁ። ነጭ መሐረቡን ይዞ በዩቲዩብ ያላየው የለም።

ታዲያ ለምን ስለ ፓቫሮቲ አላወራም? ፓቫሮቲን ስንሰማ የለመደብን ነገር አለ። «ተሰጥኦ ነው» እንላለን። «እግዜር ሲሰጥ እንዲህ ነው» ብለን ራሳችንን ነቅንቀን ወደ ጉዳያችን እንሄዳለን። የሸርሊ ታሪክ ለዚህ አይመችም። ድምፅ እንዴት እንደሚሠራ፣ ማን እንደሚሠራው፣ ከዚያስ ለማን እንደሚተላለፍ ቁልጭ ብሎ ይታይበታል።

እኔ ደግሞ እዚህ ሰፈር የድምፅ እጥረት አላየሁም። ድምፅማ ሞልቷል። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በብሎኮቹ መሀል እለፉ፤ በየአዳራሹ ልምምድ ነው። ከሰንበት ትምህርት ቤቱም፣ ከኳየሩም የሚወጣው ድምፅ ያስደንቃል። የጠፋው ያን ድምፅ ሰምቶ «ተው፣ ይሄ ይጎዳሃል» የሚል ሰው ነው። ዛሬ ስለዚህ ሰው ነው የማወራው፤ ስለ ድምፅ አስተማሪ።

ሸርሊ በ1934 ኢንዲያናፖሊስ ተወለደ። ልጅ ሳለ ቤተሰቡ ወደ ዲትሮይት ተዛወረ፤ የመኪና ፋብሪካዎቹ ከተማ ናት። በ1955 ዲትሮይት ካለው ዌይን ስቴት ዩኒቨርሲቲ ተመረቀ። በምን መሰላችሁ? በሙዚቃ ማስተማር። ከዚያ በከተማው የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ሙዚቃ ለማስተማር የመጀመሪያው ጥቁር ሰው ሆነ። ልብ በሉ፣ ገና ኦፔራ የሚባል ነገር አልነካም። ቾክ የያዘ የትምህርት ቤት አስተማሪ ነው።

ቀጥሎ ለውትድርና ተጠራ። እዚያም የአሜሪካ ጦር መዘምራን ቡድን ውስጥ ገባ፤ የቡድኑ የመጀመሪያ ጥቁር አባል እሱ ነው። ኦፔራን የሥራ ነገር አድርጎ ማሰብ የጀመረው በዚህ ጊዜ ነው። በ1959 በአንድ አነስተኛ ቡድን መድረክ ላይ ወጣ። በ1961 የሜትሮፖሊታን ኦፔራን የድምፅ ውድድር አሸነፈ። በዚያው ዓመት ኒው ዮርክ ሜትሮፖሊታን መድረክ ላይ ቆመ። ከተመረቀ በስድስተኛው ዓመት መሆኑ ነው። እዚያ ቤት ለ11 የትርኢት ዘመናት ዘፈነ። በመሪ ሚና የዘፈነ የመጀመሪያው ጥቁር ቴነር ተብሎም ተመዘገበ።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። «የመጀመሪያው ጥቁር» የሚለውን በችኮላ አንለፈው።

ከሸርሊ በፊት ሮላንድ ሄይስ ነበር። በ1887 ጆርጂያ ግዛት ውስጥ ተወለደ። እናቱ በባርነት የኖረች ሴት ናት። እሱም ቴነር ነው። በ1921 ለንደን ላይ ለንጉሥ ጆርጅ አምስተኛ ዘፍኗል። በ1923 ከቦስተን ሲምፎኒ ኦርኬስትራ ጋር ቆሟል። አዳራሽ ይሞላ ነበር። የአገሩ ትልልቅ የኦፔራ ቤቶች ግን በር አልከፈቱለትም። ስለዚህ ዕድሜውን በሙሉ ከፒያኖ አጠገብ ብቻውን ቆሞ በኮንሰርት ዘፈነ። በ1950 ቦስተን ዩኒቨርሲቲ ማስተማር ጀመረ።

ሜትሮፖሊታን ለጥቁር ዘፋኝ በሩን የከፈተው በ1955 ነው። በጥር ወር መጀመሪያ ማሪያን አንደርሰን የምትባል ጥቁር አሜሪካዊት ዘፋኝ ገባች። ሳምንታት ቆይቶ ሮበርት ማክፌሪን የሚባል ባሪቶን፣ ከቴነር ዝቅ ባለ የወንድ ድምፅ የሚዘፍን፣ ተከተለ። «ዶንት ወሪ፣ ቢ ሃፒ»ን የዘፈነው የቦቢ ማክፌሪን አባት ነው፤ ልጁን ሳታውቁት አትቀሩም። አባትየው በምን ሚና ገባ መሰላችሁ? በአሞናስሮ። አሞናስሮ ማነው? የኢትዮጵያ ንጉሥ!

አዎ፣ «አይዳ» ውስጥ ነው። ቬርዲ የደረሰው ኦፔራ ሲሆን፣ በ1871 ካይሮ ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ታየ። አይዳ በግብጽ የተማረከች የኢትዮጵያ ልዕልት ናት። አባቷ አሞናስሮ ነው። ቴነሩ ደግሞ ራዳሜስ ነው፤ ኢትዮጵያን የሚወጋው የግብጽ ጦር አዛዥ። እኔ ይህን ኦፔራ ስሰማ ሁሌም ይጨንቀኛል። በጣም የሚያምረውን ዜማ የሚዘፍነው ጠላታችን ነው። በመድረኩ ላይ ግብጽ ታሸንፋለች። ከካይሮው ትርኢት ብዙም ሳይቆይ፣ በ1875 ጉንደት ላይ፣ በ1876 ጉራ ላይ እውነተኛው የግብጽ ጦር ከአፄ ዮሐንስ ጋር ገጠመ። የዚያን ውጤት ታውቁታላችሁ። ኦፔራውን ግን ማንም አላስተካከለውም።

ወደ ነገሬ ልመለስ። አንደርሰን የገባችው በጠንቋይ ሚና ነው። ማክፌሪን በአባትና በንጉሥ ሚና። ቴነር ግን በኦፔራ ውስጥ ብዙ ጊዜ አፍቃሪው ነው። ሶፕራኖዋን፣ በከፍተኛው የሴት ድምፅ የምትዘፍነውን፣ የሚያቅፈው፣ የሚያገባው፣ ለእሷ የሚሞተው እሱ ነው። በዚያ ዘመን አሜሪካ ጥቁር ወንድ ነጭ ሴትን በመድረክ ላይ ማቀፉ ለብዙዎች የሚዋጥ ነገር አልነበረም። ለቴነሩ በሩ የዘገየው በዚህ ይመስለኛል። ሸርሊ በ1961 ሲገባ የያዘው ሚና ፌራንዶ ነው። የሞዛርት «ኮሲ ፋን ቱቴ» ውስጥ ያለ ወጣት አፍቃሪ። በዚሁ ሚና የተቀዳው ሥራ በኋላ የግራሚ ሽልማት አገኘ። በአጠቃላይ ከ80 በላይ የኦፔራ ሚናዎችን ዘፍኗል። 80 ሚና ማለት 80 ጊዜ መውጣት ማለት አይደለም። ሰማንያ የተለያየ ሰው መሆን ነው፤ አብዛኛውንም በባዕድ ቋንቋ፣ በቃል።

እንግዲህ ወደ ጉሮሮ እንግባ። ለዚህ ነው የመጣችሁት።

ቴነር ከፍተኛው የተለመደ የወንድ ድምፅ ነው። ከታችኛው «ዶ» እስከ ላይኛው «ዶ» ሁለት ኦክታቭ ይዘልቃል፤ አንድ ኦክታቭ ከአንዱ «ዶ» እስከ ቀጣዩ «ዶ» ነው። በቁጥር ስናስቀምጠው፣ ታችኛው በሰከንድ 131 ንዝረት ገደማ ነው። ላይኛው፣ «ሃይ ሲ» የምትሉት፣ 523 ገደማ። ማንቁርታችን ውስጥ ያሉት ሁለት የድምፅ ጅማቶች ርዝመታቸው በአዋቂ ወንድ ሁለት ሴንቲ ሜትር ቢሆን ነው። «ሃይ ሲ» ላይ ያቺ ትንሽ ሥጋ በአንድ ሰከንድ ከ500 ጊዜ በላይ ትጋጫለች። ያንን ኖታ ለአራት ሰከንድ ስትይዙ ከ2,000 በላይ ግጭት ማለት ነው። አሁን የሁለት ሰዓት ልምምዳችሁን አስቡት።

ይህን ሁሉ ቴነሩ የሚያደርገው ያለ ማይክ ነው። ፊቱ ኦርኬስትራ አለ፤ 70 ወይም 80 መሣሪያ። እንዴት ይሰማል? በጩኸት ከሆነ መቼም አይችላቸውም። ስዊድናዊው ተመራማሪ ዮሃን ሱንድበርግ በ1970ዎቹ ይህን በሚገባ አሳይቷል። የኦርኬስትራው ድምፅ ጉልበቱ 500 ሄርዝ፣ ማለትም በሰከንድ 500 ንዝረት፣ አካባቢ ነው። ከዚያ በላይ እየሄደ ይዳከማል። የሠለጠነ የኦፔራ ወንድ ድምፅ ግን 3,000 ሄርዝ አካባቢ ተጨማሪ ጉልበት አለው። ከድምፅ ጅማቶቹ በላይ ያለችውን ጠባብ ክፍል በልምምድ ቅርጿን በማስተካከል የሚመጣ ነው። የሰው ጆሮ ደግሞ በዚያ አካባቢ ላለ ድምፅ በጣም ንቁ ነው። ስለዚህ ቴነሩ ኦርኬስትራውን አይታገለውም። ኦርኬስትራው ባዶ በተወው በኩል ያልፋል።

ይሄ በመወለድ አይመጣም። ሥልጠና ነው። ለዚህ ነው «ተሰጥኦ» የሚለው ቃል ሲበዛ የሚያበሽቀኝ።

እኛ ደግሞ የራሳችን ጉዳይ አለን። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ላይ ነው ያለችው። እዚህ የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳርቻው ሦስት አራተኛ ያህል ነው። በአንድ ትንፋሽ የምናገኘው ኦክስጅን በዚያው ልክ ያንሳል። ሯጮቻችን ሱሉልታና እንጦጦ የሚወጡት ይህንኑ ፈልገው ነው። ዘፋኝ ግን ረጅም ሐረግ ሲይዝ መጨረሻው ላይ ቶሎ ያልቅበታል። ከባሕር ጠረፍ አገር የመጣ እንግዳ ዘፋኝ በመጀመሪያዎቹ ቀናት እዚህ ሲቸገር ብታዩት አትፍረዱበት። እናንተ ለምዳችሁታል። ቢሆንም የዜማ ደራሲዎቻችሁን ንገሯቸው፤ ትንፋሽ የሚወሰድበት ቦታ ይተዉላችሁ።

ሌላም አለ። የኦፔራ ሥልጠና አብዛኛው በጣሊያንኛ አናባቢዎች ላይ የተገነባ ነው። አማርኛ ግን «ጠ»፣ «ቀ»፣ «ጨ»፣ «ጸ» አለው። እነዚህን ስንል ጉሮሯችን ለቅጽበት ይዘጋል። አየሩ ይቆማል። ከዚያ እንደገና ማስነሣት አለባችሁ። ሳድስ ደግሞ አለን፤ ጣሊያንኛ የማያውቀው አናባቢ። ሳድስ ላይ ረጅምና ከፍ ያለ ኖታ ማስቀመጥ ለቴነር ቅጣት ነው። ይህን ከጣሊያን መጽሐፍ አታገኙትም። የራሳችን የድምፅ መምህራን ቁጭ ብለው ሊሠሩት የሚገባ ሥራ ነው።

አሁን አንድ የድሮ ታሪክ ልንገራችሁ። ዢልቤር ዱፕሬ የሚባል ፈረንሳዊ ቴነር ነበር። ከእሱ በፊት ቴነሮች ያንን ላይኛውን «ዶ» በስሱ፣ በቀጭኑ ድምፅ ነበር የሚነኩት። ዱፕሬ ጣሊያን ሄዶ ተማረና በ1837 ፓሪስ ላይ በሙሉ ድምፅ፣ በደረቱ ለቀቀው። ሕዝቡ አበደ። የኦፔራው ደራሲ ሮሲኒ ግን አልወደደውም። የታረደ ዶሮ ድምፅ ነው ብሎ አሾፈበት ይባላል። ሮሲኒ ወደደም ጠላም ነገሩ አበቃ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሕዝቡ ከቴነር የሚጠብቀው ያንን ሆነ። በዚያው ቤት ቀዳሚ የነበረው አዶልፍ ኑሪ ቦታውን ለቆ ጣሊያን ሄደ። አዲሱን አዘፋፈን ሊማር ታገለ። ድምፁም መንፈሱም ተጎዳ። በ1839 ኔፕልስ ላይ ሕይወቱ አለፈ፤ ገና 37 ዓመቱ ነበር።

ይህን የማነሣው ላሳዝናችሁ ብዬ አይደለም። እዚህ ሰፈር ኑሪዎችን ስለማይ ነው። አንዱ ልጅ ኮንፈረንስ ላይ ሃይ ኖት ይለቅቃል። እልልታው ይቀልጣል። በሚቀጥለው ሳምንት የየኳየሩ ቴነር ሁሉ ያንን ኖታ ካልነካሁ ብሎ ይጮኻል። አስተማሪ የለ፣ መሸጋገሪያ የለ። በ22 ዓመታቸው ድምፃቸው ሻክሮ የቀሩ ልጆችን አውቃለሁ። ጥሩ ልጆች ነበሩ።

ዱፕሬስ? እሱም ድምፁ ቶሎ ደከመ። ግን ገና መድረክ ላይ ሳለ፣ በ1842፣ የፓሪስ ኮንሰርቫቶር፣ የከተማው ትልቅ የሙዚቃ ትምህርት ቤት፣ መምህር ሆኗል። በኋላም የራሱን ትምህርት ቤት ከፈተ። በቴነሮች ታሪክ ውስጥ ይህ ደጋግሞ የሚመጣ ነገር ነው።

ከመምህራን ሁሉ እኔ የምወደው ግን ማኑኤል ጋርሲያ ነው። አባቱ ታዋቂ ቴነር ነበር። ልጁ ዘፋኝነቱ ብዙም አልሆነለትም፤ አስተማሪነቱ ግን ሆነለት። በ1854 ትንሽ መስታወት ጉሮሮው ውስጥ አስገብቶ፣ በሌላ መስታወት የፀሐይ ብርሃን መልሶ፣ ሲዘፍን የራሱን የድምፅ ጅማቶች አየ። ዛሬ ሐኪሞች ማንቁርት የሚያዩበት ዘዴ መነሻው እሱ ነው። ሐኪም ሳይሆን የድምፅ አስተማሪ ነበር። 101 ዓመት ኖረ።

ከዚህ ሁሉ የጋርሲያ አንድ ነገር ይበልጥብኛል። ጄኒ ሊንድ የምትባል ስዊድናዊት ሶፕራኖ ድምፅዋ ተጎድቶ በ1841 ወደ እሱ መጣች። ሰማት። ልምምድ አልሰጣትም። ለስድስት ሳምንት እንዳትዘፍን አዘዛት፤ ከቻለች ባታወራም ጥሩ ነው አላት። ከዚያ በኋላ ነው ትምህርት የጀመሩት። ሊንድ በኋላ በአውሮፓና በአሜሪካ ስሟ የገነነ ዘፋኝ ሆነች። አስቡት፣ የመጀመሪያው ትምህርት ዝምታ ነው። የኛ ሰው ቢሆን «ከፍዬ ዝም በል ይለኛል እንዴ!» ብሎ ገንዘቡን ያስመልስ ነበር።

ወደ ሸርሊ እንመለስ። በ1980 ሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ ማስተማር ጀመረ። በ1987 ወደ ሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ተዛወረ። አን አርበር የሚባል ከተማ ነው፤ በወጣትነቱ ካስተማረበት ከዲትሮይት ብዙ አይርቅም። እዚያ በዩኒቨርሲቲው ከፍተኛ ከሚባሉት የፕሮፌሰርነት ማዕረጎች አንዱን አገኘ። የ2014ን የአሜሪካ ብሔራዊ የኪነ ጥበብ ሜዳሊያም ከፕሬዚዳንት ኦባማ እጅ ተቀብሏል።

ዘፋኝ ሲያስተምር ያየ ሰው «ድምፁ አለቀና ነው» ይላል። እኛም ጋ እንዲህ ይባላል። ሸርሊን ግን እንዲህ ማለት አይቻልም። አስተማሪነቱ ከመድረኩ ይቀድማል። እንደኔ እንደኔ መድረኩ ነው በሁለት የማስተማር ዘመኖች መሀል የገባው።

የድምፅ ፕሮፌሰር ውሎ ምን ይመስላል? እንደ ሒሳብ መምህር መቶ ተማሪ ፊት አይቆምም። ትንሽ ክፍል፣ አንድ ፒያኖ፣ አንድ ተማሪ። በሳምንት አንድ ሰዓት ገደማ። ከዚያ ሌላ ተማሪ ይገባል። በሳምንት አንድ ቀን ሁሉም ተሰብስበው እርስ በርስ ይዘፍናሉ፣ ይተቻቻሉ። በሴሚስተሩ መጨረሻ ተማሪው በመምህራን ጉባኤ ፊት ቆሞ ይፈተናል። ሊመረቅ ሲል ሙሉ ኮንሰርት ያቀርባል። በመሀል ጣሊያንኛ፣ ጀርመንኛና ፈረንሳይኛ ቢያንስ አነባበባቸውን ይማራል።

ከሁሉ በላይ ግን መምህሩ ጆሮ ነው። ሰው የራሱን ድምፅ በትክክል አይሰማም። ግማሹ በራስ ቅሉ አጥንት በኩል ነው የሚደርሰው። በስልካችሁ የተቀዳ ድምፃችሁን ስትሰሙ «ይሄ እኔ ነኝ?» የምትሉት ለዚህ ነው። ፒያኖ የሚጫወት ሰው ጣቱን ያያል። ክራር የሚመታ ክሩን ያያል። ዘፋኝ መሣሪያውን አያይም፣ በደንብም አይሰማውም። ስለዚህ የውጭ ጆሮ የግድ ነው። ትልልቆቹም አስተማሪያቸውን ይዘው የሚኖሩት በዚህ ምክንያት ነው።

ይሄ ለኛ እንግዳ መሆን አልነበረበትም። የዜማ ቤት ተማሪ ድጓን የሚማረው እንዴት ነው? ከየኔታ እግር ሥር ቁጭ ብሎ ነው። የኔታ ይሰማሉ። ይቆርጣሉ። «ድገም» ይላሉ። ግዕዙን፣ ዕዝሉን፣ አራራዩን ለመለየት ዓመታት ይፈጃል። ማንም ደብተራ «ተሰጥኦ አለኝ፣ የኔታ አያስፈልጉኝም» ሲል ሰምቼ አላውቅም። ከዚያ ወጥተን ማይክ ስንጨብጥ ግን ይህን ሁሉ እንረሳዋለን። ማይኩ ሁሉን ያስተካክላል ብለን እናስባለን። እኔ ማይክ አልጠላም። ለዘመናዊ ዘፈናችን ጌጡ ነው። ግን ማይክ ያጎላል እንጂ አይመክርም።

አሁን ጥያቄዎቻችሁን ልመልስ። ብዙ ነበሩ፤ ሦስቱን ብቻ እጽፋለሁ።

አንድ ወጣት ስለ ማር፣ ስለ ዝንጅብልና ስለ ጥሬ እንቁላል ጠየቀ። ወንድሜ፣ የምትውጠው ነገር የድምፅ ጅማቶችህን አይነካም። ምግብ በምግብ ቧንቧ ይወርዳል፤ የድምፅ ጅማቶቹ በአየር ቧንቧው አፍ ላይ ናቸው። ቢነካቸው ታንቀህ ትስል ነበር። ማርና ዝንጅብል ጉሮሮህን ያለሰልሱልሃል፤ ደስ ካለህ ጠጣ። እንቁላሉን ግን ለቁርስ ጥበሰው። የሚጠቅመው ቀኑን ሙሉ ውሃ መጠጣት ነው፤ ልትዘፍን አምስት ደቂቃ ሲቀርህ ሳይሆን ከጠዋቱ ጀምሮ። ማታ በሚጥሚጣ ጥግብ ብለህ ወዲያው አትተኛ፤ የጨጓራ አሲድ ወደ ላይ ሲመለስ ማንቁርቱን ያቃጥላል። የሰፈራችንን አቧራ እንኳን ምን እንደማደርገው አላውቅም። አስፋልቱ እስኪያልቅ አፍንጫችሁን ሸፍናችሁ ሂዱ። ድምፃችሁ ከሁለት ሳምንት በላይ ከሻከረ ግን ምች ነው ብላችሁ ዳማከሴ እያሻችሁ አትቀመጡ። የአንገት በላይ ሐኪም ይየው።

አንዲት ልጅ «ይሄ ሥራ እንጀራ ይሆናል ወይ?» አለች። ጥሩ ጥያቄ ነው፤ ማንም ደፍሮ አይጠይቅም። በፈረንጅ አገር ቋሚ ቅጥር ሳይኖረው በግሉ የሚሠራ የኦፔራ ዘፋኝ በትርኢት ነው የሚከፈለው። ጉንፋን ይዞት ካልዘፈነ አይከፈለውም። ከሚያገኘው ላይ ለወኪሉ፣ ለአሠልጣኙ፣ ለትራንስፖርቱ ይወጣል። ጀርመን ውስጥ ወርኃዊ ደመወዝ የሚከፍሉ ኦፔራ ቤቶች አሉ። የዩኒቨርሲቲ መምህር ደግሞ ወር ጠብቆ ደመወዝ ያገኛል። ብዙዎች ሁለቱን አብረው የሚይዙት ለዚህም ነው። እኛ አገር በቋሚነት ኦፔራ የሚያሳይ ቤት የለም። ያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት አለ፤ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር ነው። እዚያ ገብተሽ ኖታ ማንበብና ፒያኖ ያዢ። እነዚህ ሁለቱ ከሌሉ ድምፅ ማስተማር አይቻልም። መዘመር ይቻላል፤ ማስተማር ግን አይቻልም። በዚህ ዳርቻ ስንት ኳየር እንዳለ ታያለሽ፤ ለአንዱም ቋሚ የድምፅ አስተማሪ ሲቀጠርለት አላየሁም። ለጊታርና ለኪቦርድ ተጫዋች ገንዘብ ይገኛል። ለድምፅ ሲሆን «በጸሎት ይሆናል» ይባላል። ሽማግሌዎቻችሁን ጠይቁልኝ።

የመጨረሻዋ አንዲት እናት ናቸው። ከኋላ ቁጭ ብለው ሲሰሙ ቆዩ። ልጃቸው 14 ዓመቱ ነው። ድምፁ መሰበር ጀምሯል። በልጅነቱ የኳየሩ ጌጥ ነበር። አሁን ሲዘምር ይሰነጠቅበታል፣ ልጆቹ ይስቁበታል፣ መሪው ደግሞ ወደ ቴነር መድቦት «ጠንክር» ይለዋል። «ላስተወው ወይስ ይቀጥል?» አሉኝ።

እማማ፣ አያስተዉት። ግን ቴነር ነው ብሎ የወሰነው ሰው ቸኩሏል። በዚህ ዕድሜ ማንቁርቱ እያደገ ነው። የድምፅ ጅማቶቹ በወራት ውስጥ ይረዝማሉ፣ ይወፍራሉ። ልጁ ነገ ባሪቶን ይሁን፣ ቤዝ ይሁን፣ ቴነር ይሁን ማንም አያውቅም። ቴነር ቢሆንም እንኳ ድምፁ የሚበስለው ከሃያዎቹ ዕድሜ አጋማሽ በኋላ ነው። አሁን በሚመቸው መሀል ላይ በለሆሳስ ይዘምር። ከፍ ያለው ሲመጣ ዝም ይበል፤ አፉን ባያንቀሳቅስም ምንም አይደለም። ልምምዱ ሲረዝም ይቀመጥ። በዚህ ጊዜ ኖታ ማንበብ ይማር፤ ጉሮሮ አይፈልግም። በየጥቂት ወሩ አንድ ሰው ከፒያኖ ጋር ይስማውና ድምፁ የት እንደደረሰ ይመዝግብለት። እኔ እዚሁ ብሎክ ነኝ፤ ቅዳሜ ጠዋት ይላኩት። መሪውንም እኔው አናግረዋለሁ።